የማክሰኞ አልጋ

ቫልዳ ትሬምባዝ ሠላሳ አንድ ዓመት የዳቦ መኪና ነድታለች። በሠፈራችን በያራቪል ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁሉ ያውቃታል። መኪናዋን ሳታቆም ዳቦውን ከመስኮት ወደ በረንዳ የምትወረውር፣ ባለቤቱንም ውሻውንም በስማቸው የምትጠራ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ወርዳ ዳቦውን በሹራቧ ሸፍና በር ድረስ የምታደርስ ሴት ነበረች ይላሉ። እኔ የደረስኩባት ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ በሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ያኔም ትከሻዋ የበሩን መቃን ይሞላው ነበር። ባለፈው ክረምት አረፈች። በቀብሯ ላይ ዳቦው ተወራ፣ ቀልዷ ተወራ፣ ለቡልዶግስ እግር ኳስ ቡድን ስትጮህ የሰለለው ድምፅዋ ተወራ። ስለ ማክሰኞ ጠዋት ግን ማንም አላነሳም። ያን ነገር የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አሁን ሁለት ቀርተናል።

እኔ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ አረጋውያን ቤት የሚልከኝ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። የቫልዳ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ደረሰኝ። የመጀመሪያውን ቀን በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት።

«ማን ልበልሽ?»

«ማንጠግቦሽ።»

«ማን ምን?»

«ማን፣ ጠግ፣ ቦሽ።»

«ይህን ስም ጠርቼ እስክጨርስ ዳቦው ይሻግታል። ማንዲ ነሽ። ግቢ!»

ከእንግዲህ አንቱ ልበላት ብል እንኳ አንደበቴ እሺ አይለኝም ነበር። ከኋላዋ የቆሙትን ግን አንቱ ከማለት ሌላ አልቻልኩም። ኡና ኪልጎር ይባላሉ። አርባ ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩ፣ የሹራባቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሲናገሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ የሚመስሉ ቀጭን ሴት ናቸው። ስማቸውን ስሰማ «ኦና» ያሉኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ሰው እንዴት ባዶ ቤት ተብሎ ይጠራል ብዬ።

ቤቱን አዞሩኝ። ፊት ለፊት ባለው መኝታ ክፍል አንድ ሰፊ አልጋ አለ። በግራና በቀኝ ሁለት የራስጌ መብራት፣ ሁለት መነጽር፣ ፍራሹም ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጎድጎድ ያለ ስፍራ። ከኋላ በኩል፣ ሁለት ደረጃ ወረድ ብሎ ያለው ክፍል ደግሞ ዕቃ ማከማቻ ነው። የስፌት መኪና፣ የገና ዛፍ የታሸገበት ካርቶን፣ የቫልዳ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ተደርድረዋል። አልጋ የሚባል የለበትም።

ሻይ አፈሉልኝ። እኔም አዲስ ቤት ስገባ እንደማደርገው ሰዎቹን ለማሳቅ ፈለግሁ። ሰው ለመወደድ ብሎ ስንቱን ያማል!

«ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎረቤት ሠፈር፣ ሴደን ውስጥ የሁለት ወንዶች ቤት ደረሰኝ» አልኳቸው። «ሁለት ጎልማሳ፣ አንድ አልጋ! እኔማ አንሶላውን የቀየርኩት በጓንት ነው። በሰማያዊው ጓንት። ያውም ደርቤ!» ብዬ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ አሳየኋቸው።

ቫልዳ ሳቀች። ትንሽ ዘግይታ ነው የሳቀችው። ኡና ስኒያቸውን በቀስታ አስቀመጡና «ሻይ ልድገምሽ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ምንም አላወቅሁም ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ፍራሹን አይቻለሁ። ዓይኔ አይቶ ሲያበቃ ልቤ «እህትማማች ይሆናሉ» አለኝ፤ የአባታቸው ስም ለየቅል መሆኑን የሥራ ወረቀቴ ላይ አንብቤም እንኳ። ይህን ቀልድ ደግሞ ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቄ ይሆን? አውቄ አልነበረም ማለትም አልችልም።

ከሻዩ በኋላ ቅጽ መሙላት ነበረብኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል በሠፈሩ አዳራሽ በማታ ትምህርት፣ የራሴን ፊደል ደግሞ ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋርቼ ተማርኩ። ያ ቅጽ ያለ ማንም እርዳታ የሞላሁት የመጀመሪያው ነው። እየኮራሁ ነበር የምጽፈው። ስንት መኝታ ክፍል? ሁለት። ማን የት ይተኛል?

«እኔ ፊት ለፊት» አሉ ኡና። «ቫልዳ ከኋላ።»

ያን የኋላ ክፍል ከግማሽ ሰዓት በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ብዕሬን ጨብጬ «ቫልዳ፦ የኋላ ክፍል» ብዬ ጻፍኩ፤ ዝምድና በሚለው መስመር ላይም «ጓደኛ» አልኩ። ወረቀቱ እቤቱ በሚቀመጠው ሰማያዊ ማህደር ውስጥ ገባ። ሐኪም ይምጣ፣ ነርስ ትምጣ፣ ጥገና ይምጣ፣ ሁሉም ስለዚያ ቤት የሚያነበው እሱን ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስመጣ ካርቶኖቹ የሉም። የስፌት መኪናው ወደ ሳሎን ወጥቷል። የኋላ ክፍል ውስጥ ጠባብ አልጋ ተዘርግቷል፤ አንሶላው ተተራምሷል፣ ትራሱ መሐሉ ላይ ተጎድጉዷል።

አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት የተተኛበትን አልጋ ትለያለች። የተተኛበት አልጋ ይሸበሸባል፤ መሸብሸቡ ለስላሳ ነው። ፀጉር ይገኝበታል፣ የሰው ጠረን ይኖረዋል፣ እግርጌው ይላላል። ይሄኛው ላይ ግን የካውያው መስመር እንኳ አልጠፋም። ትራሱ የተጎደጎደው በጡጫ ነው። ከራስጌው አንድ የተገለበጠ መጽሐፍ ነበር። ስወለውል ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላም አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየማክሰኞው፣ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ገፍፌ አጥቤ፣ በንጹሕ አንሶላ ቀይሬ፣ ማንም ለማይተኛበት አነጠፍኩ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ደግሞ ምንም ያልተሰቀለበት ሚስማር ነበር። ዙሪያው በአራት ማዕዘን ነጣ ብሏል። እሱንም ወለወልኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከዚያ ላይ ፎቶ እንደሚወርድ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ቫልዳ በር ስትከፍትልኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራት። «ማንዲ፣ ጓንትሽን አምጥተሻል?»

«አምጥቻለሁ» እላታለሁ።

«ሰማያዊውን?»

«ሰማያዊውን።»

«ጎሽ» ትልና ትስቃለች። ለሦስት ዓመት ያህል ስለ ሳሙናና ስለ ቆዳዬ የምታስብልኝ ይመስለኝ ነበር። በአራተኛው ዓመት ምን እያለችኝ እንደሆነ ገባኝ። ከገባኝም በኋላ «አምጥቻለሁ» ማለቴን አልተውኩም።

ዝም ማለቴን ደግነት አድርጌ ለራሴ አስረዳሁት። እነሱ ካልተናገሩ እኔ ምን ገብቶኝ? በሰው ጓዳ ምን አገባኝ? እንዲህ እያልኩ ኖርኩ። በእኛ አፍ ለእንደነሱ ዓይነት ሰዎች ያለን ቃል ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ብታነሳው የምትወረውረው ብቻ ነው። ስለዚህ በልቤም እንኳ ስም አልሰጠኋቸውም። «ሁለቱ» እላቸው ነበር። እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ሁለቱ ለቅሶ መጡ። አድራሻውን ከማን እንዳገኙት አላውቅም። ቫልዳ ለማን ቀብር እንደገዛችው የማላውቀውን ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ኡና የጋገሩትን ብስኩት በሳህን ይዘው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ከሴቶቹ መሐል ተቀመጡ። ኡና እጄን ያዙኝ። ባዶ እጄን፣ በባዶ እጃቸው። እስኪነሡ ድረስ አልለቀቁኝም። የባለቤቴ እህት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እነዚህ እነማን ናቸው?» አለችኝ።

«የማጸዳላቸው ሰዎች ናቸው» አልኩ። ወዳጆቼ ናቸው አላልኩም።

በስድስተኛው ዓመት መሥሪያ ቤታችን አንድ ምልክት ልናገኝ ነው ተባለ። የቀስተ ደመና ምልክት ነው። አገልግሎት ሰጪ ቤቶችን እየመረመረ፣ «እዚህ ቤት ወንድ የሚወድ ወንድ፣ ሴት የምትወድ ሴት፣ በተወለደበት ፆታ የማይኖር ሰው ሳይሸማቀቅ ይገለገላል» ብሎ ዕውቅና የሚሰጥ አካል አለ። ምልክቱ ዝም ብሎ አይለጠፍም፤ ቅጾቹ ይታያሉ፣ ሠራተኛው ይጠየቃል፣ ያጎደለ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ሥልጠና ውሰዱ ተባልን። ሐሙስ ቀን፣ በሳንድዊች።

አሠልጣኟ ፍራን የምትባል፣ ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። «አሁን ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ወጣት በነበረበት ዘመን» አለች፣ «በዚህ ነገር ሰው ከሥራ ይባረር ነበር፤ ወንዶቹ ይታሰሩ ነበር። መምህር ከሆንክማ አለቀልህ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ እርጅና ይዟቸው፣ እናንተ ቤታቸው ትገባላችሁ። ሠራተኛ ሲመጣ ፎቶ የሚደብቁ አሉ። መጽሐፍ የሚደብቁ አሉ። ያልተኙበትን አልጋ ተነሥተው የሚያተራምሱ አሉ።»

«ኧረ ማን ያን ያህል ይለፋል!» አለች ዴብ የምትባል ባልደረባዬ፤ ክፍሉ ሳቀ።

አለቃችን ጃኔል እጇን አነሳች። «እኛ ሁሉንም ሰው እኩል ነው የምናየው። ግን እውነቱን ለመናገር ከደንበኞቻችን ውስጥ እንደዚህ ያሉ የሉም።»

«ስንት ደንበኛ አላችሁ?»

«አራት መቶ ምናምን።»

«እንግዲያው አሉ» አለች ፍራን። «ያልነገሯችሁ ለምን እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለባችሁ።»

ጆሮዬ ጋለ። ሳንድዊቹን መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ሁሉም ያየኝ ያህል ግን አቀረቀርኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ቫልዳ «ጓንትሽን?» አለችኝ፤ «አምጥቻለሁ» አልኳት። በሚቀጥለውም እንደዚያው። በሦስተኛው ማክሰኞ አውቶቡሱ ቀድሞ ደረሰ። ብርድ ስለነበር መንገድ ላይ መቆም ጠላሁና ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደወልኩ።

ከውስጥ «ቀድማ መጣች!» የሚል የኡና ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሚፈጥን እርምጃ፤ ከባድ፣ የቫልዳ። ሁለቱን ደረጃ ስትወርድ ተሰማኝ። ከዚያ ግንብ የወደቀ የሚመስል ድምፅ።

ኡና በሩን ሲከፍቱልኝ ትራስ ታቅፈው ነበር። ቫልዳ በጠባቡ አልጋና በግድግዳው መሐል ወለሉ ላይ ወድቃለች። የአልጋው ልብስ ገና አልተነካም ነበር፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ይዛ ስባዋለች። ፊቷ እንደ ዱቄት ነጥቷል። አየችኝና «ቀድመሽ መጣሽ» አለችኝ። አልተቆጣችም። እንዲያው ነገሩን ነው የነገረችኝ።

አምቡላንስ መጣ። አብሮት የመጣው ወጣት ባለሙያ ተንበርክኮ «ከአልጋ ስትነሺ ነው የወደቅሽው?» አላት።

ቫልዳ ወደ ኡና አየች። «አዎ» አሉ ኡና፤ «ከአልጋዋ ስትነሣ።»

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«ጓደኛ ነኝ። ቤት እንጋራለን።»

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ያልተተኛበትን አልጋ እያየሁ፣ ጓንቴን እጄ ላይ እንዳጠለቅሁ።

የዳሌዋ አጥንት ነበር የተሰበረው። በቀዶ ጥገና ጠገኑት። አምስት ሳምንት ቆይታ ወደ ቤት ልትመለስ ስትል ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ፣ የግድግዳ መያዣ ብረትና ደወል ሊተክል ባለሙያ ተላከ። ማክሰኞ ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰማያዊውን ማህደር ገልጦ አነበበና «የኋላ ክፍል ነው አይደል?» አለ።

ኡና ከንፈራቸውን ከፈቱ። ወደ እኔ አዩ። መልሰው ገጠሙት።

አሁንም ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው እጄ እየከበደኝ ነው። ሰውየው ብረቱን ሊተክል ሰው የማይተኛበትን ክፍል ግድግዳ ሲበሳ፣ እኔ ከሥሩ ብናኙን እጠርግ ነበር።

ቫልዳ ተመልሳ እዚያ ተኛች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ያን ክፍል ከፍቼ ስገባ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተኛበት አልጋ አገኘሁ። ፀጉር ነበረበት። ጠረን ነበረው። ትራሱ አንድ ወገን እርጥብ ነበር።

የኡና ጉልበት ደረጃ አይወርድም። ስለዚህ ከደረጃው አናት፣ ከበሩ ውጭ ወንበር አስቀምጠው፣ ከዚያ ሆነው ጋዜጣ ያነቡላታል። ቫልዳ ጣሪያውን እያየች ትሰማለች። የመራመጃ ልምምዷን ተወች። ቁርሷን ሳትነካ ትመልሳለች። ስለ ጓንቱ አልጠየቀችኝም።

«ቡልዶግስ አሸነፈ እኮ» አልኳት።

«እግዜር ይስጣቸው» አለች፤ ይኸው ነው። ይህን ስትለኝ ነው የፈራሁት።

ነርሷ መጣችና ወጥ ቤት ውስጥ ለኡና ነገረቻቸው። ሁለት ሳምንት ይታያል፤ ካልበላችና ካልተራመደች ወደ መጦሪያ ቤት መግባቷ ነው። ባዶ አልጋ ያለው ደግሞ ሩቅ ነው፣ ከሜልተን ከተማ ማዶ። «ውሳኔው የቅርብ ዘመድ ካላት ከዘመዷ ጋር ነው የሚሆነው» አለች። «የወንድም ልጅ አላት መሰለኝ፣ ፐርዝ የሚኖር?»

«አለ» አሉ ኡና። «ሁለት ጊዜ አይተነዋል።» ድምፃቸው ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ድምፅ አልነበረም።

የቀስተ ደመናው ምልክት መርማሪዎች የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ጃኔል ጠዋት ሰብስባን «ሁሉንም እኩል እናያለን በሉ፤ ሌላ አትጨምሩ» አለችን። እኔን ለቃለ መጠይቅ የመረጠችኝ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም አቤቱታ ስላልቀረበብኝ ነው።

ሮዋን የሚባል፣ የብስክሌት ቆቡን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት መርማሪ ፊት ተቀመጥኩ። የጠየቀኝን አልመለስኩለትም። «ሠራተኛ ራሷ ያጠፋች እንደሆነ ምልክቱ ይከለከላል ወይ?» አልኩት።

«ምንም ያላጠፋ ቤት ልፈልግ አይደለም የመጣሁት» አለኝ። «ሲያጠፋ ምን እንደሚያደርግ ነው የምጠይቀው።»

ቀልዱን ነገርኩት። ጓንቱን ነገርኩት። ስምና ሠፈር አልነገርኩትም። ስጨርስ የሆነ ነገር ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ለእነሱ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም። ሄጄ ሁሉንም አውቃለሁ ልበላቸው?»

«እሱን አትበያቸው» አለኝ ፈጠን ብሎ። «እነሱ ማን እንደሆኑ የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ከፈለጉ። አንቺ የምትናገሪው አንቺ ያልሽውን ነው።»

ማክሰኞ በሰዓቱ ደወልኩ። ጓንት አልያዝኩም። ኡና ከፈቱልኝ። ከደረጃው አናት፣ ከኡና ወንበር ጎን ቆምኩ፤ ሁለቱም እንዲሰሙኝ።

«ከስድስት ዓመት በፊት፣ እዚህ ቤት የመጣሁ ቀን፣ ስለ ሁለት ወንዶች አንድ ነገር ተናግሬ ነበር» አልኩ። «ስለ አንሶላቸው። ለማሳቅ ብዬ ነው። ክፉ ንግግር ነበር። እነዚያ ሰዎች ምንም አላደረጉኝም፤ ሻይ ነው ያፈሉልኝ። ዛሬ ያሳፍረኛል። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ኡና የሹራባቸውን የላይኛ ቁልፍ ነካኩ። «አላስታውስም» አሉ።

ከዚያ ከታች፣ ከአልጋው ላይ፣ የቫልዳ የሰለለ ድምፅ መጣ።

«እኔ አስታውሳለሁ። ደርቤ ነው ያጠለቅሁት ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ያን ሁሉ ዓመት ስጠይቅሽ መቼ ነው የሚገባት እያልኩ ነበር።»

«ከገባኝ ቆይቷል» አልኳት። «ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።»

ሄጄ ሰማያዊውን ማህደር አመጣሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ፣ ያን የኮራሁበትን ገጽ ገልጬ ለኡና በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«መምህርት ነዎት» አልኳቸው። «ይህን ስጽፍ ገና ተማሪ ነበርኩ። ስህተት ካለበት ያርሙልኝ።»

ኡና ወረቀቱን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ማህደሩን ዘጉና «መታጠቢያ ቤቱን ዛሬ በደንብ ፈትጊልኝ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ሄድኩ። በቃ አልኩ በልቤ፤ ዘገየሁ። ስድስት ዓመት የፈሩትን ሰው በአንድ ጠዋት ማመን ይከብዳል፤ እኔም ብሆን አላምነኝም ነበር። ገንዳውን ሳሽ እንባዬ ሳሙናው ላይ ይወርዳል። ከማዶ የሁለቱ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንድ ጊዜ ቫልዳ ጮክ አለች፦ «ኡና፣ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው! ከሥራ ማን ያባርረኛል?» ሌላ አልሰማሁም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ኮቴን ልወስድ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ማህደሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ኡና ከብዕር ማስቀመጫ ጣሳቸው ያወጡት ቀይ ብዕር ከጎኑ አለ። «የኋላ ክፍል» የሚለው በማስመሪያ ተሰርዟል። ከላዩ፣ ሰሌዳ ላይ በሚጻፍ ጽሕፈት፣ «የፊት ክፍል። ሁለታችንም። ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ እኔ «ጓደኛ» ብዬ በጻፍኩበት መስመር ላይም አንድ ቃል ተሰርዞ ሌላ ተተክቷል። የተተካውን ቃል አልጽፈውም፤ የእነሱ ነው። ደግሞም «ክፍል» ስል የሳትኩትን አንዲት ፊደል ሳያልፉ አርመውልኛል።

ኡና ከወንበራቸው ሆነው አያዩኝም። መስኮት መስኮቱን ነው የሚያዩት።

«ለጥገናው ሰውዬ ልደውል?» አልኳቸው።

«ደውዪ» አሉ። «ብረቱን ነቅሎ ፊት ለፊት ይትከለው። ቀዳዳውንም ይድፈንልን።»

ከታች ቫልዳ እንደ ድሮዋ ጮኸች። «ኡና! ከአሥር ስንት ሰጠሻት?»

ኡና መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሹራባቸው ጫፍ ወለወሉት፤ መልሰው አደረጉት።

«አራት» አሉ። «ዘግይታ ነው ያስረከበችው።»

አራቱም በዝቶብኛል።